በሁዳዴ የተገመተ አሳ

ግብር ገማቾቹ ሰፈራችን የደረሱት በሁዳዴ ነው፤ ያውም በምሳ ሰዓት። ለሌላ ነጋዴ ይህ ተራ ነገር ይሆናል። አሳ ጠብሶ ለሚያድር ሰው ግን መዓት ነው።

የምሠራው በከተማችን ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለች አንድ ክፍል ቤት ነው። ጠዋት ከጫሞ ሐይቅ የወጣ ቆሮሶ አሳ በፒካፕ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አምባዛም ይጨመርበታል። እኔ እበልታለሁ፣ ምራቴ ትጠብሳለች። ዳጣውን ግን ማንም አይነካብኝም፤ ሚጥሚጣውንና ነጭ ሽንኩርቱን የምወቅጠው እኔ ነኝ። በሌላው ጊዜ ቤቴ አንድ ቀን ይሞላል፣ አንድ ቀን ዝንብ ይቀመጥበታል። ሁዳዴ ሲገባ ግን ከተማው ሁሉ ሥጋውን ይተውና አሳ ትዝ ይለዋል። «አሳ የጾም ነው፣ አይደለም» የሚለው ክርክር የሚካሄደው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። «አይደለም» ብለው አጥብቀው የሚከራከሩት ሰዎች እንኳ ሌላው ሲበላ ለማየት ይመጣሉ፤ ጥቂት ቆይተውም ዳጣ ብቻ ቅመሱ ብዬ አቀርብላቸዋለሁ። ወንበር ስለማይበቃኝ ከእድራችን እዋሳለሁ። የእድሩ ዳኛም «ሰው እስኪሞት ድረስ ተቀመጡበት» ብለው ይሰጡኛል።

ገማቾች መጡ ሲባል መንገዳችን ምን እንደሚሆን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። መጀመሪያ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ረዘም አድርጎ እየነፋ ያልፋል። ከዚያ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ድሃ ይሆናል። ከፊት ለፊቴ ዘይትና ስኳር በጅምላ የሚያከፋፍሉት ሐጂ ካርቶኑን ሁሉ ወደ ጓዳ አስገብተው በሩ ላይ ባዶ ጀሪካን ይደረድራሉ። ኮታቸውንም አውልቀው ክርኑ የተቀደደውን ይለብሳሉ። ያ ኮት ሌላ ሥራ የለውም፤ ለገማች ብቻ የሚወጣ የክት ልብስ ነው። የዶርዜው ሸማ ሻጭ ጋቢዎቹን ከመደርደሪያ ያወርድና አንዱን ራሱ ተከናንቦ እንደ ታመመ ሰው ጥግ ይይዛል። ሱቁን ቀለም የሚቀባ ሰው የለም። ቀለም የተቀባ በር ግምት ይጨምራል ይባላል። እውነት ይሁን ወሬ አላውቅም፤ ግን በዚህ ወሬ የተነሣ መንገዳችን ከዓመት እስከ ዓመት አቧራ ለብሶ ይኖራል፣ ለሐይቁና ለአዞው የመጣ እንግዳም ዞር ብሎ ያየንና እዚህ የሚሸጥ ነገር የለም ብሎ ያልፋል። ግብሩ እንዳይመጣብን ብለን ገበያውን ቀድመን እናባርራለን። ይህን ለሐጂ ብነግራቸው፣ «ልክ ነሽ፤ በይ አንቺ ጀምሪና ቀቢ» አሉኝ። ቀባሁ። ሰማያዊ።

እኔ አልደብቅም። ጻድቅ ስለሆንኩ አይደለም፤ አንደኛ ነገር አሳ አይደበቅም። ዘይት ጓዳ ሲገባ ዝም ይላል፣ አሳ ግን ጓዳም ገብቶ ያወራል። ሁለተኛም፣ ልጆቼ የተማሩበትን ትምህርት ቤት የሆነ ሰው ከፍሎ ነው ያሠራው። የድርሻዬን ልክፈል እላለሁ። ከድርሻዬ በላይ ከሆነ ግን ጥርሴን ነክሼ እሟገታለሁ፤ የቀሩኝን ጥርሶች ማለቴ ነው።

ከጎኔ ሥጋ ቤት አለ። ግድግዳችን አንድ ነው፣ ጓሯችንም አንድ ነው። ሥጋ ሻጩ በልጄ ዕድሜ ያለ፣ ወሬ የሚወድ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው፤ እንደ እኔ ከደጋ የወረደ የጋሞ ልጅ። ጾም የማይጾሙ ደንበኞች ቢኖሩትም ለእነሱ ብቻ ብሎ በሬ አያስጥልምና በሁዳዴ ሥራው ይተኛል። ገማቾቹ ሲገቡ ባዶ መንጠቆ ሥር ተቀምጦ በጭራ ዝንብ ያባርር ነበር። የሚያባርራቸው ዝንቦችም ወደ እኔ ነበር የሚመጡት።

ገማቾቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ወንበር ቆጠረ። አንዷ በር ላይ የቆመውን ተሰላፊ ቆጠረች። ሦስተኛው ሽታውን እየሳበ ቆመ።

«ወንበሩ የእድር ነው» አልኩት የሚቆጥረውን።

«እሺ፣ እማማ» አለኝና ጻፈ። የእድር ብሎ አልነበረም የጻፈው፤ ወንበር ብሎ ነው።

«ሰዉም የሁዳዴ ነው። ፋሲካ ሲመጣ አንድም አታገኝም።»

«እሺ፣ እማማ።»

ሰው እንዲህ አድርጎ «እሺ፣ እማማ» ሲለኝ እንዳልሰማኝ አውቃለሁ። ልጄም ግድግዳውን ጠግንልኝ ስለው የሚመልስልኝ በዚህ ድምፅ ነው።

ግምቱ የተለጠፈው ከፋሲካ በኋላ፣ በበዓለ ሃምሳ ነው። ያን ጊዜ ረቡዕም ዓርብም ይበላል፣ ሁለት ወር ሥጋ የናፈቀው ሰው ሁሉ ሥጋ ቤት በር ላይ ይሰለፋል። የእኔ ቤት ባዶ ነበር። ወንበሩንም ለእድሩ መልሻለሁ። ሥጋ ሻጩ የተለጠፈውን አይቶ መጣና ቢላዋውን እንደያዘ በራፌ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሀብታም ሆነሻል።»

«ሀብቱን የት እንዳስቀመጥኩት ከተጻፈ ንገረኝ።»

«የኔ ሦስት እጥፍ ነሽ።»

«ያንተ?»

«የኔ። እኔ ምን አለኝ፣ የዝንብ ቤት ነኝ» ብሎ እየሳቀ ወደ ደንበኞቹ ተመለሰ። ሲስቅ የቢላዋው ስብ ደጃፌ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ነገሩ ለእኔ ቀልድ አልነበረም። በዚያ ግምት ከትንንሾቹ ነጋዴዎች ወጥቼ ላይኛው ደረጃ ልገባ ነው። ላይኛው ደረጃ የገባ ሰው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ይገዛል፣ ሒሳብ የሚሠራለት ሰው ይቀጥራል። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ምራቴም እጇ ዘይት ነው። ማሽኑና ሒሳብ ሠራተኛው ሥጋውን በልተው ሲጨርሱ ለእኛ የአሳው ጭንቅላት እንኳ አይተርፈንም። ግምቱ ካልተነሣ ቤቱ መዘጋቱ ነው። ልጄ ምክር ሰጠኝ፤ ግድግዳ አይጠግንም እንጂ ምክር አያልቅበትም።

«ንግድ ፈቃዱን መልሺውና ከጓሮ ሽጪ። ስንቱ እንደዚያ አይደል የሚኖረው?»

«አሳ እንደ ካቲካላ ተደብቄ ልሽጥ?»

«ማን ያይሻል?»

«እኔ ራሴን አየዋለሁ» አልኩትና ነጠላዬን አንሥቼ ግብር ቢሮ ሄድኩ።

ቅሬታ የምትሰማው ወጣት ሴት ናት። ከወደ ሰሜን የመጣች፣ አማርኛዋ እንደ ሬዲዮ የጠራ። ወረፋው ሲደርሰኝ ወንበር ሳበችልኝ።

«ቅሬታዎ ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«ሁዳዴ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሁዳዴን ያወጣነው እኛ አይደለንም።»

«አውቃለሁ። በሁዳዴ የመጣችሁት ግን እናንተ ናችሁ።»

ነገሩን አስረዳኋት። የእድሩን ወንበርም ነገርኳት።

«እድሩ ይመሰክርልዎታል?» አለች።

«እድር የሚመሰክርልኝ ከሞትኩ ነው።»

ልትስቅ አለችና ተወችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «በዚህ ወቅት ሰዉ እርስዎ ጋ ካልበላ የት ነው የሚበላው ታዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጥያቄው ወጥመድ እንደሆነ ገባኝ። «ሥጋ ቤት» ብል ነገሬ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን ጎረቤትን ለቢሮ አሳልፎ መስጠት ሌላ ነው። የእኔ ግምት ይስተካከል ማለት አንድ ነገር ነው፤ የእሱን አንሡልኝ ብሎ መጥቆም ሌላ ነገር ነው።

«እኔ የማውቀው አሳ ነው» አልኩ።

«ከጎንዎ ሥጋ ቤት የለም?»

«ሳይኖር አይቀርም።»

«ግድግዳችሁ አንድ ነው ይላል እዚህ።»

«ግድግዳው ወፍራም ነው።»

በዚህ ሳቀች። ስትስቅ አሸነፍኳት ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ጣቷን ዘርግታ መቁጠር ጀመረች። «ረቡዕና ዓርብስ፣ እናቴ? ፍልሰታስ? የነቢያትስ? የሐዋርያትስ? እኔ ሁሉንም እጾማለሁ፣ አውቃቸዋለሁ። ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ጾም ነው። አሳዎ በሁዳዴ ብቻ ነው የሚሸጠው ቢሉኝ እንዴት ልመን?»

«ረቡዕና ዓርብ ሁሉም አይጾምም።»

«ሁዳዴም ሁሉም አይጾምም።»

ልጅቷ ቀላል አይደለችም። በልቤ ግን ደስ አለችኝ፤ ያስቸገረኝ «እሺ፣ እማማ» የሚለኝ እንጂ የሚከራከረኝ ሰው አይደለም።

«እንግዲያው መጥተሽ ተቀመጪ» አልኳት። «ይኼ ሃምሳው ቀን ሳያልቅ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ያየሽውን ጻፊ። በሁዳዴ ያዩትንና አንቺ ያየሽውን ደምራችሁ አካፍሉኝ። የሚመጣውን እከፍላለሁ።»

አሰበች። «ቀኑን አልነግርዎትም።»

«አትንገሪኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ውሃዋንና ምሳ ዕቃዋን ይዛ፣ ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ያዘች። ማንም እንዳያውቃት መነጽርና ኮፍያ አድርጋለች።

«ሰው ከጠየቀ ዘመድ ናት ይበሉ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የእኔ ዘመድ አሳ ቤት ውስጥ ኮፍያ አያደርግም።»

ገና ተመቻችታ ሳትቀመጥ የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ፤ ረዘም ያለው። እንዴት እንዳወቋት እግዜር ይወቅ። በመስኮት አየሁ፤ ሐጂ ኮታቸውን እየቀየሩ ነው። ሸማ ሻጩ በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንቧል። ከአባያ ሐይቅ በኩል እንኳ ንፋስ የለም፣ ሰውዬው ላቡ ይወርዳል። እኔ ግን ተደሰትኩ። ድኽነት ለሚያስመስለው ይሁን፤ የእኔ ባዶ ቤት እውነተኛ ባዶ ነው፣ ትየው ብዬ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ሁለት ሰዎች ገቡ። ከዚያ አራት ወጣቶች። ከዚያ አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ። ምራቴ ግራ ገብቷት ሁለተኛ መጥበሻ ጣደች። የግብር ቢሮዋ ተቆጣጣሪ ጥጓን ይዛ ትጽፋለች። በዚህ ወር እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ከወጣቶቹ አንዱን ጠጋ ብዬ፣ «ዛሬ ምን አመጣችሁ?» አልኩት።

«ማዘር፣ ቁርጥ ፈልገን ነበር። ጎንሽ ያለው ተዘግቷል። ለቅሶ ሄደናል የሚል ለጥፎ ሄዷል።»

«ማን ሞተበት?»

«እኔ እንጃ። እንግዲህ እስቲ አሳ ስጪን።»

በቅዳሜ፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ሥጋ ቤት ዘግቶ ለቅሶ። ወዲያው ገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ ዕቃ ሲደብቅ እሱ ራሱን ደብቋል። በዓመቱ ትልቁን የገበያ ቀን፣ የአንዲት ተቆጣጣሪ ዓይን ፈርቶ ዘጋው። ሥጋ ያጣው ሰው ሁሉ ደግሞ በሰማያዊው በር ወደ እኔ ይጎርፋል። እሱ ድሃ መስሎ ሲተኛ እኔን ለሁለተኛ ጊዜ ሀብታም እያደረገኝ ነው። ያስረዳሁት ሁሉ፣ የለመንኩት ሁሉ፣ በአንድ ጠዋት አፈር ሊበላ ነው። እናገር እንዳልል፣ ጎረቤቴ ውሸቱን ነው የዘጋው ልበላት?

ደንበኞቹን ላባርር ሞከርኩ። «ለምን ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወጥታችሁ ሥጋችሁን አትበሉም?» አልኩ።

«ሴቻ ድረስ ማን ይወጣል፣ ማዘር?»

«መንገዱ ጥሩ ነው። ለምግብም ይስማማል፣ ዳገት ነው።»

ተቆጣጣሪዋ ከወረቀቷ ቀና ብላ አየችኝ። ደንበኛ የሚያባርር ነጋዴ አይታ የምታውቅ አልመሰለኝም። ይህንንም ሳትጽፈው አልቀረችም።

በጓሮ በር ወጣሁ። ሥጋ ሻጩ ለቅሶው ላይ ነበር፤ ማለትም ፍራሽ ዘርግቶ ጥላ ሥር ተጋድሟል። አጠገቡ ለነገ የገዛት ፍየል ታስራለች፣ ከፊቷ አዲስ የታጨደ ሣር ተቆልሏል። ፍየሏ አየችኝ፣ እሱ ግን ዓይኑን ጨፈነ።

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

ሳይነሣ፣ «ቀስ በይ፣ እማማ። ትሰማለች።»

«ክፈት።»

«አልከፍትም።»

«ሰውህ ሁሉ እኔ ቤት ገብቷል። ልጅቷ እያንዳንዱን እየጻፈችው ነው። ልታስዘጋኝ ነው?»

«እኔስ ስከፍት በራፌ ላይ ያለውን ሰልፍ አይታ ብትጽፍ?»

«ያለውን ነው የምትጽፈው።»

ተነሥቶ ተቀመጠ። «አንቺ ያለውን አሳይተሽ ምን አገኘሽ? በርሽን ቀባሽ፣ ወንበርሽን አልደበቅሽም፣ አሳሽን አልደበቅሽም። እኔ ዝንብ አባረርኩ። ማን ተጠቀመ? እውነት ለተናገረ ሰው ግብር ቢሮ ምን ሰጠው? አንድ ሰው ንገሪኝና ልክፈት።»

አሁንም ድረስ ለዚህ ጥያቄው ሙሉ መልስ አላገኘሁለትም። የዚህን ያህል ትክክል የሆነ ነገር ከዚያ ፍራሽ ላይ ይወጣል ብዬም አልጠበቅኩም። ግን ደግሞ ምራቴ ሦስተኛ መጥበሻ ስትፈልግ ይሰማኛል።

ከፍየሏ ፊት አንድ እፍኝ ሣር አነሣሁ። ፍየሏ አንዱን ጫፍ ይዛ አልለቅ አለች፣ ነጠቅኳት። ከዚያ ሥጋ ሻጩ ፊት ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ተንበረከክኩ።

በእኛ በጋሞዎች ዘንድ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ መሄድ አይቻልም። ሽማግሌዎች ጠብ ሲያበርዱ፣ ሰው ሊጋደል ሲል፣ ሣር ይዘው መሐል ይገባሉ፤ ያንን ረግጦ ያለፈ ሰው ወንድሙ እንኳ አይቀብረውም። ይህን እሱም ያውቃል፣ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የተማረው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እማማ፣ ይኼ የሽማግሌ ነው። የወንድ ነው።»

«ሽማግሌዎቹን ከደጋ እስክጠራቸው አሳዬ ያልቃል።»

«ለጠብ ነው እንጂ ለሥጋ ቤት ሣር ይያዛል?»

«ይኼ ጠብ ካልሆነ፣ ቆይ ትንሽ ጠብቅ።»

«ተነሽ በእናትሽ። ጉልበትሽን ታውቂዋለሽ።»

«ጉልበቴን አውቀዋለሁ። ከዚህ በኋላ ያለ ሰው እርዳታ አይነሣም። ስለዚህ ቶሎ በል።»

በዚህ መሐል ተቆጣጣሪዋ እጇን ልትታጠብ ውሃ ፍለጋ በጓሮ በር ወጣች። ያየችው ይህንን ነው፤ ተንበርክኬ ሣር ይዤ፣ ፍየሏ ከእጄ ላይ ሣሩን ለመብላት አንገቷን ዘርግታ፣ ለቅሶ የሄደው ሰውዬም ፍራሹ ላይ ተቀምጦ።

«እናቴ፣ ወደቁ?» ብላ ሮጣ መጥታ ብብቴን ይዛ ልታነሣኝ ትታገል ጀመር።

«ተዪኝ፣ ልጄ። አልወደቅኩም። ሥራ ላይ ነኝ።»

ሥጋ ሻጩን አየችው። ፍየሏን አየች። «ለቅሶ ሄዱ የተባሉት እርስዎ ነዎት?»

እኔ ሣሩን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። የጓሮው በር ከኋላዬ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሊወጣ ይችል ነበር። ለመውጣት ግን እኔን ማለፍ ነበረበት። ቆይቶ እጁን ዘረጋና ሣሩን ከእጄ ተቀበለኝ። ለእሷ ሲመልስ ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

«ለቅሶው ነገ ነው» አላት። «ቀኑን ተሳስቼ ነው።» ከዚያ ሄዶ በሩን ከፈተ።

በሩን ከፍቶ ሲመለስ እሱና ልጅቷ ሁለት ሆነው ነው ያነሡኝ። ብቻውን ማንም አልቻለኝም።

ቤት ስገባ ወጣቶቹ የተከፈተውን በር አይተው አሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተዋል። ቤተሰቡም ከነልጆቹ ሄደ። እኩለ ቀን ሳይሆን ቤቴ እውነተኛ ባዶ ሆነ፤ ከጎኔ ግን የሰልፉ ጅራት የእኔን በር አልፎ ሄዷል። የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ግን ግማሽ የተበላውን አሳ ሳይ ተናደድኩ። ማሸነፍ ሌላ፣ አሳን ትቶ መሄድ ሌላ ነው።

ልጅቷ እስከ ማታ ከጥጓ አልተነሣችም። ከመሄዷ በፊት አሳ አዘዘች። በነፃ ብላት እምቢ አለች፤ እኔም ብትቀበል ኖሮ አዝንባት ነበር። ዳጣውን ስትቀምስ እንባዋ መጣ።

«ይኼን ገማቾቹ አልቆጠሩትም?» አለች እያሳላት።

«አልቀመሱትም። ያን ሰውዬ ልትከሱት ነው?»

ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። «ነገ ለቅሶ ያለበትን ሰው ምን ብዬ እከሳለሁ?»

ውሳኔው ሲመጣ ሁለታችንም እንደገና ተገምተናል፤ የጾሙም የፍስኩም ወቅት ተደምሮ ተካፍሎ። የእኔ ወረደ፣ ከትንንሾቹ ጋር ቀረሁ፣ ማሽን አልገዛም። ካሰብኩት ግን ከፍ ይላል፤ ረቡዕና ዓርብን አልረሳችልኝም። የእሱ ወጣ። ልክ ወደሚሆንበት ወጣ እንጂ ከዚያ አላለፈም፤ ይህን ግን ማንም ደፍሮ አልነገረውም።

ሰላምታ ነሣኝ። ሚስቱ የተዋሰችኝን ወንፊት ሳልጠይቃት ደጃፌ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሰው ወንፊት ሳይጠየቅ ሲመልስ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። አጥንት ሲፈልጥ የመጥረቢያው ምት ግድግዳዬ ላይ ያለውን ሳህን ያንቀጠቅጠው ነበር። እኔም ሙቀጫዬን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ዳጣዬን እወቅጥ ጀመር። ሁለታችንም ያን ሰሞን ብዙ ሠራን። ሐጂ መሐል ላይ ቆመው አዳመጡና፣ «እንዲህ ከሆነማ ግምቱ ለሁለታችሁም ይጨመርላችሁ» አሉ።

ሐምሌ ሲገባ ግብሬን ልከፍል ሄድኩ። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሷል፣ መጨረሻ ላይ የቆመው እሱ ነው። ዞር ብዬ ሌላ ሰልፍ ፈለግኩ፣ የለም። ከኋላው ቆምኩ። ጀርባውን ሰፊ አድርጎ ቆመ፤ ወትሮም ሰፊ ነው። ሰልፉ እንደ ኤሊ ነበር የሚሄደው። ፀሐዩም ያቃጥል ነበር። አንድ እግሬን አሳርፌ ሌላውን ስቀይር ሰማኝ መሰል፣ ሳይዞር ተናገረ።

«ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ጓሮህ ነው የቀረው።»

ጥቂት ሄድን። «ዘንድሮ ብዙ ነው የምከፍለው» አለ። «ባንቺ።»

«ያን ጊዜ ሦስት እጥፍ ስባል ስቀህ ነበር።»

«ስቄ ነበር» አለ። ትከሻው ላላ።

መስኮቱ ጋ ስንደርስ ወደ ጎን ተጠጋ። «ግቢ፣ እማማ። አንቺ ቅደሚ።»

«ተራው ያንተ ነው።»

«ለጉልበትሽ ብዬ ነው።»

«ጉልበቴ ተራ አልያዘም። ክፈል።»

ራሱን እየነቀነቀ ከፈለ። ከእሱ ቀጥሎ እኔ ከፈልኩ። ደረሰኜን አጥፌ ስወጣ በር ላይ ባጃጅ አስቁሞ እየጠበቀኝ ነበር። ሲቀላ ስንደርስ ሒሳቡን ሊከፍል እጁን ኪሱ ሲከት ያዝኩት።

«ተይ እንጂ፣ እማማ» አለ። «አንድ ቀን እንኳ።»

«ግማሽ ግማሽ ነው» አልኩት። ባለ ባጃጁ ሁለታችንንም በመስተዋቱ እያየ ጠበቀ። ግማሽ ግማሽ ከፈልንና ወርደን በየበራችን ገባን።